ዳማሪስ እናቷን የሸኘችበት ዘመን

ዳማሪስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ መተንፈስ አቆመች። ትኩሳቱ የጀመራት ሩዝ ሲተከል ነበር፤ ችግኙ ሥር ሳይሰድ እሷ አለቀች። በቶራጃ ተራሮች ግን እስትንፋሱ የቆመ ሰው ወዲያው ሞተ አይባልም፤ ታመመ ነው የሚባለው። ሞተ የሚባለው ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ዳስ ተጥሎ፣ የመጀመሪያው ጎሽ የታረደ ዕለት ነው። የጎሹ ድግስ ደግሞ በአንድ ጀንበር አይሰናዳም፤ ሀብታሙ ቤት ዓመት፣ ድሃው ቤት ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እስከዚያ የታመመው ሰው በገዛ ቤቱ፣ ከነቤተሰቡ፣ በደቡቡ ክፍል ይተኛል።

ከከተማ የተጠራ ሐኪም ገላዋ እንዳይበላሽ መድኃኒቱን ወጋት። አክስቶቿ አጠቧት፣ የእሁድ ሸሚዟንና አዲስ ሽርጥ አልብሰው አስተኟት። በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ አያት፣ የአባቷ እናት ኔ ታንዲ፣ ሳህን ላይ ትኩስ ሩዝና ትንሽ ዓሣ አድርገው ለዳማሪስ ሰጧት።

"ለእናትሽ አድርሺላት፤ ሳይቀዘቅዝ" አሏት።

ልጅቷ ሳህኑን ይዛ ገባች። እናቷ ራስጌ አስቀመጠችው። ምን እንደሚባል ስላላወቀች "ሩዝ ነው" አለች፤ ትንሽ ቆይታም "ዓሣም አለው" ብላ ጨመረች። የዚያን ቀን ንግግራቸው ይኸው ነበር።

እናቷን መንደሩ የሚያውቃት ኢንዶ ዳማሪስ እያለ ነው፤ የዳማሪስ እናት ማለት ነው። በዚያ አገር ሰው የበኩር ልጁን ሲያቅፍ የገዛ ስሙ ይቀርና በልጁ ስም ይጠራል። ኢንዶ ዳማሪስ ቃሪያ እየተከለች በጀርባዋ ተሸክማ ራንቴፓኦ ገበያ ታወርድ ነበር። ከቃሪያዋ ይልቅ ግን ስሟን ያስጠራው ድምፅዋ ነው። ስትዘምር እንደ ተሰነጠቀ ቀርከሃ ያሽካካል። የመዘምራኑ አለቃ አንድ ቀን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ እህቴ ሆይ፣ ከንፈርሽን ብቻ ብታንቀሳቅሺ ምን ይመስልሻል ብሎ ለመናት። እሷም ድምፁን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፣ እንደሰጠኝ ይስማው ብላ በሚቀጥለው እሁድ ከበፊቱ አብልጣ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

የዳማሪስ አባት በበኩሉ አምቤ ዳማሪስ ይባላል፤ ዝምተኛ ነው። ከሚስቱ ጋር ሲኖር የሁለቱን ወሬ እሷ ለብቻዋ ትችለው ስለነበር አፉን መክፈት አላስፈለገውም። ያ ወር ሳያልቅ ለሽኝቱ የሚሆነውን ገንዘብ ሊያገኝ ባሕር ተሻግሮ ቦርኒዮ፣ የዘንባባ እርሻ ላይ ሊሠራ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ደቡቡ ክፍል በር ላይ ቆመ፤ ቆመና፣ ምንም ሳይል ሻንጣውን አንሥቶ ወረደ።

ቤቱ ለኔ ታንዲ፣ ለዳማሪስና ገና የሦስት ዓመት ልጅ ለነበረችው ለእህቷ ለኤርና ቀረ። ለታመመችው ምግብ ማድረስ የዳማሪስ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ሳህኑን ብቻ አስቀምጣ ትወጣ ነበር። ቀስ በቀስ መቀመጥ ጀመረች። የአሳማዋን ግልገሎች ነገረቻት። በሒሳብ መውደቋን ነገረቻት፤ ያንን ለአያቷ ገና አልነገረችም ነበር። የጥርሷን መነቃነቅ፣ የጎረቤቱን ዶሮ መጥፋት፣ ዶሮው የማን ድስት ውስጥ እንደገባ መንደሩ የሚያማውን ሁሉ ነገረቻት። የቤት ሥራዋን እዚያው እናቷ ጎን በደረቷ ተኝታ ትሠራለች። ኤርና የእናቷን በጨርቅ የተጠቀለለ እግር ተደግፋ በቀርከሃ ቁርጥራጭ ትጫወታለች። ኔ ታንዲ በዚያ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው "ይቅርታ ልጄ፣ ልለፍ" ይላሉ፤ ምራታቸው በሕይወት ሳለች እንኳ እንዲህ አክብረዋት አያውቁም።

ይህ ሲባል ዳማሪስ ያኔ አላለቀሰችም ማለት አይደለም። አልቅሳለች። ግን የምታለቅሰው እናቷ አጠገብ ሆና ነው፤ ከጨረሰች በኋላም "ደህና ነኝ፣ አትጨነቂ" ትላታለች።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ማካሳር ከተማ የምትኖረው የአጎቷ ልጅ ኖቪታ ለእረፍት መጣች። በዕድሜ አንድ ዓመት ትበልጣታለች፤ ነጭ ጫማ አላት፤ ተራራው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይገማታል። ዳማሪስ ሳህን ይዛ ስትገባና ስትወጣ ሁለት ቀን ዝም ብላ አየቻት። በሦስተኛው ቀን አሳማዎቹ ዘንድ ተከትላት ሄደች።

"እናትሽ እኮ ሞታለች" አለቻት። "ማወቅሽን ልጠይቅሽ ብዬ ነው።"

"ታማለች" አለች ዳማሪስ፣ ቀና ሳትል።

"የታመመ ሰው ይተነፍሳል። የእኛ ከተማ ቢሆን ያኔውኑ ተቀብራ ነበር። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሬሳ ሩዝ ታቀርቢያለሽ።"

ዳማሪስ የአሳማ ቀለብ የያዘውን ባልዲ አንሥታ አናቷ ላይ ደፋችባት።

ጩኸቱ ኔ ታንዲን ከማሳ አመጣቸው። ኖቪታ የስኳር ድንች ቅጠል ከፀጉሯ እየለቀመች ታለቅሳለች። ዳማሪስ ባዶውን ባልዲ ይዛ ቆማለች። አሮጊቷ የሁለቱንም ቃል ሰሙ። ዳማሪስ አያቷ ያቺን ባለጌ እስኪገሥጹላት ጠበቀች፤ እሳቸው ግን ወደ እሷ ዞሩ።

"ኖቪታ የዋሸችው ነገር የለም" አሏት።

"ታዲያ ለምንድን ነው ታማለች የምትሉኝ?"

"ቸኩለሽ እንዳታውቂው። ሰው መርዶ ሲነገረው መጀመሪያ ቁጭ በል ይባል የለም? እኛም ቁጭ በይ ነው ያልንሽ።"

"እስከ መቼ ነው የምቀመጠው?"

"አባትሽ እስኪመጣ።" ከዚያ ወደ ኖቪታ ዞሩ። "አንቺም ስሚ፤ እውነት ነው ተብሎ ያገኙት ሰው ላይ አይደፋም። በይ ሂጂ ታጠቢ።"

ዳማሪስ ያን ቀን ማታ ለእናቷ ምግብ ይዛ ገባች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ተቀመጠች። ያን ያህል ጊዜ አጠገቧ ስትኖር አንዴም ያላደረገችውን አደረገች፤ ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ አድርጋ አዳመጠች። ምንም የለም። እንደማይኖር ድሮም ታውቅ ነበር። ቀና አለችና "ዛሬ ኖቪታ ላይ የአሳማ ቀለብ ደፋሁባት" ብላ የቀኑን ወሬ ጀመረች።

አባቷ የተመለሰው አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነው። ፀሐይ አክስሎታል፤ ከስቷል። ኤርና አላወቀችውም፤ አያቷ ቀሚስ ሥር ገብታ ተደበቀች። የሚያስፈልገው ተሟልቷል፣ ሽኝቱ ከአዝመራ በኋላ ይሁን ተባለ። ወንድሞቹና የአጎቶቹ ልጆች ቀርከሃ ቆርጠው ዳስ መጣል ጀመሩ። ግቢው ሰው በሰው ሆነ።

አምቤ ዳማሪስ ጠዋት ጠዋት ደቡቡ ክፍል በር ድረስ ይመጣል። ደፉን ግን አይሻገርም። ቆሞ ቆሞ ይመለሳል። ዳማሪስ ታየዋለች፤ አንዲትም ቃል አትተነፍስለትም። በልቧ ቂም ይዛለች። ይሄ ሰውዬ መጥቶ እናቴን ሊወስዳት ነው ትላለች፤ ማንንም አኩርፋ በማታውቀው መጠን አኮረፈችው።

የእናቷ ገላ ከክፍሉ ሊወጣ በታሰበበት ቀን ጠዋት አጎቶቿ ሲመጡ ዳማሪስ በሩ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

"ተነሺ እንጂ ልጄ" አሏት።

"ገና ነው።"

"ምኑ ነው ገና?"

"የምነግራት አላለቀም።"

አንዱ አጎቷ ሳቅ አለ፤ አንዱ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። አምቤ ዳማሪስ ከኋላ መጥቶ ተዉን አላቸው። እሱ ተዉን ካለ ሰው ይሰማዋል፤ ስለማይናገር ቃሉ ዋጋ አለው። ሄዱ። እሱ መሬት ላይ፣ ልጁ ጎን ተቀመጠ። ጉልበቱን አቀፈ።

"አንቺ ይኸን ሁሉ ዓመት ስትነግሪያት ኖረሻል" አላት። "እኔ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። ያን ጊዜም ሳልነግራት ነው የሄድኩት። በየቀኑ እመጣለሁ፣ በሩ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። አንቺ ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪው?"

ዳማሪስ ዞር ብላ አየችው። ሊቆጣት ወይም ሊያባብላት ነው ብላ ነበር። ትልቅ ሰው እሷን አስተምሪኝ ብሎ ሲለምን አይታ አታውቅም። የቋጠረችው ቂም የት እንደገባ እንጃ።

"ከምግቡ ነው የምጀምረው" አለችው። "ዛሬ ያለው ይሄ ነው እላታለሁ። ከዚያ የአሳማዎቹን። ከዚያ ሌላው ራሱ ይመጣል።"

ተነሥታ ካሳቫ በሳህን አመጣችና አብረው ገቡ። "ኢንዶ፣ አምቤ መጥቷል" አለች። "ዛሬ ያለው ካሳቫ ነው።" አባቷን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"ካሳቫ ነው" አለ እሱም። "እናቴ ጨው አብዝታበታለች። ታውቂያት የለ።"

ሳህኑን ከልጁ ተቀብሎ ራስጌዋ አስቀመጠ። "እዚያ የነበርንበት አገር አሳማ የለም፤ ያለው ዝንጀሮ ነው" አለ። ስለ ዝንጀሮው ጀመረ። ዳማሪስ ድምፁ መንቀጥቀጡን ሲተው ሰማችና ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችላቸው። አጎቶቿ ከዳሱ ሥር ሆነው ይጠብቃሉ። ሰውዬው የወጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ግን ቀለል ብሎ። ዳማሪስም ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ አልተቀመጠችም። አሁን ውሰዷት ብላ ለአጎቶቿ የነገረችው ራሷ ናት።

የመጀመሪያው ጎሽ ሲወድቅ አጠገቡ ቆማ ነበር። ኢንዶ ዳማሪስ ያኔ ሞተች። ወንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው የእንጉርጉሮውን ዜማ ሲያወርዱ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወጡ፣ ልጅቷ አያቷን ይዛ ዳር ቆመች። በመሸኛው ቀን ተሸካሚዎቹ እንደ ልማዳቸው ቃሬዛውን እያንገጫገጩ፣ እየጮኹ፣ ውኃ እየተራጩና እየሳቁ በማሳው መሐል ይዘዋት ሮጡ። ኤርና ለምንድን ነው የሚስቁት ብላ ጠየቀች። ዳማሪስ እናታችን ሳቅ ትወድ ስለነበር ነው አለቻት፤ እውነት ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም፣ የመጣላትን ነው የተናገረችው። ከገደሉ ሥር የቀርከሃ መሰላል ቆሞ ነበር። ከፍ ብሎ አለቱ ውስጥ ወደ ተወቀረው የቤተሰቡ መቃብር አወጧት፣ ትንሿን የእንጨት በር ዘጉ፣ መሰላሉን አነሡ።

እንግዲህ ሐዘን የያዛት ከዚህ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከእንቅልፏ ተነሥታ ሳህን ላይ ሩዝ አድርጋ ደቡቡ ክፍል ገባች። ወለሉ ተጠርጓል። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ነፋስ ይገባበታል። ሳህኑን እንደያዘች መሐል ወለሉ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኔ ታንዲ እንደ ሕፃን አቅፈው ቢያባብሏት ዝም አልል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውነቷ ሁሉ ሟሸሸ። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ምንም አትሰማም። ምግብ ትቀምሳለች፣ አትውጥም። ኖቪታ እንኳ ለሽኝቱ መጥታ ስለነበር ነጭ ጫማዋን አውልቃ አሳማዎቹን ስታበላላት ሰነበተች፤ አንድ ቃልም አልተናገረቻት። ቄሱ መጥተው ጸለዩ። አስተማሪዋ መጥታ መከረች። ልጅቷ እሺ ትላለች፤ ያው ናት።

የረዳት ብልህ ቃል የተናገረ ሰው አይደለም፤ ዝምተኛው አባቷ ነው። ማታ ማታ ከእርሻ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ባዶው ክፍል ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ልማዱ አደረገ። ዳማሪስም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ግድግዳ ተደግፋ ስለምትቀመጥ ያገኛታል። አንድ ምሽት ሳታስበው ወሬ ጀመረ።

"ለእናትሽ የጀመርኩት አላለቀልኝም። ከእንግዲህ የምነግረው ለአንቺ ነው" አላት። "ካልፈለግሽ አትስሚ።"

ስለ ቦርኒዮ ነገራት። ስለ ጭቃው፣ በዝናብ ስለሚሰጥመው መንገድ፣ የራሱን ቋንቋ የሚናገር ሰው አጥቶ ዛፍ ሲያነጋግር ስለሰነበተበት ወር። የደብዳቤ ወረቀት ገዝቶ ምን እንደሚጽፍ ስላልታየው ሲጋራ ጠቅልሎበት እንደጨረሰው ነገራት። በየማታው ይመጣል፣ ይቀጥላል። አንድ ቀን ሱሪውን አጥቦ ሲያሰጣው ዝንጀሮ መንጭቆት እንደሮጠ፣ እሱም በውስጥ ሱሪ ጫካ ለጫካ ሲያሯሩጥ ከአሠሪው ሚስት ጋር ፊት ለፊት እንደተፋጠጠ አወራ።

"ምን አለችህ?" አለች ዳማሪስ። ከሽኝቱ ወዲህ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

"ምንም አላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታየኝ ፊቷን ወደ ዝንጀሮው ታዞራለች።"

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ እንደ እናቷ ድምፅ ተሰነጣጠቀ። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ አንተም ሳቅ የተባለ ይመስል እሱም በሳቅ ፈነዳ። ኔ ታንዲ ከማጀት ሆነው ምን ገባባቸው ሲሉ ተሰሙ። ከዚያ ምሽት በኋላም ብዙ ቀን አልቅሳለች፤ ሐዘን እንደ ዝናብ ነው፣ አባራ ሲሉት መልሶ ይመጣል። ግን ባዶው ክፍል ውስጥ መቀመጥ ተወች። ኤርናን ፀጉሯን ትሠራላት ጀመር።

ኔ ታንዲ እስትንፋሳቸው ሲቆም ዳማሪስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እንደ አገሩ ወግ ታመሙ ተባለ፤ እሷም ታመሙ አለች። ግን ያኔ መሞታቸውን መጀመሪያውኑ አውቃ ነው። አገባች፣ ወለደች፤ አሁን እሷም በበኩር ልጇ ስም ትጠራለች። አሳማ ታረባለች፤ እናቷ በተከለችበት ቁልቁለት ላይ ቃሪያ ትተክላለች። ከዚህ ሌላ ማንም ያልሾማት አንድ ሥራ አላት። በአካባቢው ካሉ መንደሮች እናት ወይም አባት የታመመበትና ልጅ ያለበት ቤት ሲኖር ሰው ይልኩባታል። ትሄዳለች። ልጁን አታባብለውም፣ አትመክረውም። ሳህን ይዞ እንዲገባ ታስተምረዋለች፤ ከምግቡ ጀምር ትለዋለች። ዋናው ሥራዋ ግን ከሽኝቱ ወዲያ ነው፤ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ ክፍሉ ሲጠረግ፣ ሌላው ሰው አለቀ ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ እሷ ያኔ ትመጣለች። ስለ ሱሪና ስለ ዝንጀሮ ያልሰማ ሐዘንተኛ ልጅ በዚያ ወረዳ የለም። ከእነዚያ ልጆች አሁን የተዳሩትና የወለዱት ገበያ ላይ ሲያገኟት ቅርጫቷን ይቀበሏታል።

አንዴ ግን የምታውቀው ሁሉ አልሠራ አላት። ዩኒታ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አባቷ የሚሠራባት መርከብ ከፓፑዋ ደሴት ማዶ ሰጠመች። ገላው አልተገኘም። ምግብ የሚቀርብለት የታመመ ሰው የለም፤ ክፍሉ መጀመሪያውኑ ባዶ ነው። ዘመዶቹ ልብሱን በጨርቅ ጠቅልለው አስተኙና ልጅቷን አባትሽ ነው፣ አነጋግሪው አሏት።

ዳማሪስ ስትደርስ ዩኒታ ከጥቅሉ ጀርባዋን አዙራ ተቀምጣለች።

"ይሄ ሸሚዝ ነው" አለቻት ልጅቷ።

ዳማሪስ ሸሚዙን አየችው። "አዎ፣ ሸሚዝ ነው" አለች።

ልጅቷ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። ሁሉም ሰው አባትሽ ነው ሲላት ነው የሰነበተው።

"አባቴ ባሕር ውስጥ ነው ያለው" አለች ቆይታ። "ባሕር ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ?"

ዳማሪስም አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ በተራራው ላይ የኖረች ሴት ናት።

በማግስቱ የልጅቷን እናት አስፈቅዳ በሚኒባስ የባሕር ጠረፍ ከተማ ወደሆነችው ፓሎፖ ይዛት ወረደች። መንገዱ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ነው፤ ሁለቱም በየኩርባው መስኮት እያስከፈቱ አስመለሱ። ሹፌሩ የእናንተን የመሰለ ደካማ ሆድ አይቼ አላውቅም ብሎ ቀለደባቸው። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ደረሱ። ውኃው ግራጫ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ማለቂያ የለውም። ዩኒታ አሸዋው ላይ ቆማ ብዙ አየችው።

"ይሄው ራሱ ነው?" አለች።

"እንጃ። ሁሉም የተገናኘ ነው ይባላል።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣችና ባላት ኃይል ወረወረችው። ቀጥላ ሌላ ወረወረች። ዳማሪስ ተይ አላለቻትም። ትንሽ አይታ፣ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና እሷም ድንጋይ አነሣች። እየወረወሩ የሚያውቁትን ስድብ ሁሉ አወረዱበት። የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች መረባቸውን ትተው ቆመው ያዩአቸዋል። ዩኒታ ክንዷ እስኪዝል ወረወረች፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ተዘርግታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ዳማሪስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

ከሴቶቹ አንዷ መጥታ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። ዳማሪስ ነገረቻት። ሴትዮዋ ባሕሩን እያየች ራሷን ነቀነቀች፤ የኔም ወንድም እዚያው ነው ብላ ሄደችና የተጠበሰ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ይዛላቸው መጣች። ዩኒታ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ዓሣውን መብላት ጀመረች። እሾሁን እየለየች፣ ከሴትዮዋ ጎን ተጠግታ፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ትነግራት ጀመር።